ሕግ ያስወጣው ቧልታይ፦ ከለንደን እስከ ካልካታ

በ1847 እ.ኤ.አ. የጆን ማዲሰን ሞርተን «ቦክስ እና ኮክስ» በለንደኑ ላይሲየም ቴአትር ለመድረክ በቃ። አንዲት አከራይ አንዲቱን ክፍል ለሁለት ሰዎች ታከራያለች። አንዱ ሌሊቱን ማተሚያ ቤት ሲሠራ ያድራል፤ ሌላው ቀኑን ባርኔጣ ሲሠራ ይውላል። እሷ ከሁለቱም ኪራይ ትቀበላለች። ባርኔጣ ሠሪው ያልጠበቀው የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ግን ጉዱ ይፈላል።

እንዲህ ያለው ባለ አንድ ገቢር ቧልታይ ለቅኝ ግዛት የተመቸ ነበር። ጥቂት ተዋንያን፣ አንድ ክፍልና ተራ የቤት ዕቃ ይበቁታል። መኮንኖች በየጦር ሰፈሩ ራሳቸው ይተውኑት ነበር፤ ሴት ስትታጣም ቀሚሱን የሚለብሰው ወንድ ነው። በከተማ ደግሞ ከዋናው ተውኔት በኋላ ተመልካቹን አስቆ የሚሸኘው እሱ ነው። ሳቁ ግን የገዢዎቹ የእርስ በርስ ሳቅ ነበር።

የካልካታው ሳን ሱሲ ቴአትር የዚህ ሕይወት ማዕከል ነበር። ሕንድ ውስጥ የተወለደችው መሥራቹና ዝነኛ ተዋናይቱ ኤስተር ሊች፣ በኅዳር 1843 አንድ አጭር አስቂኝ ተውኔት ላይ ሳለች ቀሚሷ ከዘይት መብራት እሳት ተቀጣጥሎባት በቃጠሎው ሞተች። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው መድረክ ቤንጋላዊው ባይሽናብ ቻራን አዲ ኦቴሎን ሆኖ ተጫወተ። የእንግሊዞቹ መድረክ ከዚያ ወዲያ የእንግሊዞች ብቻ አልነበረም።

ቤንጋላውያን የራሳቸው የቆየ የቧልት ባህል ነበራቸው፤ የአውሮፓውን አደራረስ ሲጨምሩበት ስለት አወጣ። ማይክል ማዱሱዳን ዳት በ1860 ባሳተማቸው ሁለት ቧልታዮች፣ በአንዱ ሥልጣኔን ከመጠጥ ጋር ያምታቱ ወጣቶችን፣ በሌላው ግብዝ ሽማግሌ ባለርስትን ገሠጸ። ትችቱ ገና ወደ ቤት ነበር።

በ1876 ወደ ቤተ መንግሥት ዞረ። አንድ የካልካታ ጠበቃ የእንግሊዙን አልጋ ወራሽ ቤቱ ጋብዞ፣ ለባዕድ ወንድ ከማይከፈተው የሴቶች እልፍኝ አስገባው። ግሬት ናሽናል ቴአትር ጉዳዩን ወዲያው ቧልታይ አድርጎ አቀረበው። ፖሊስ ሲከለክል ርእሱን ቀይሮ ደገመው፤ ቀጥሎም በፖሊስ አዛዦቹ ላይ የሚሳለቅ ሌላ አመጣ። ገዢው ሎርድ ኖርዝብሩክ አስቸኳይ ድንጋጌ አወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅም መንግሥት ተውኔት የማገድ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ጸደቀ።

የቴአትር ታሪክ ቧልታይን እንደ ማዋዣ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ የካልካታ ታሪክ ግን ይህን ንቀት አይቀበልም። ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላም ያ ሕግ በሕግ መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የተሻረው በ2018 ነው። ኃያል መንግሥት ለዓመታት ሲስቅበት የኖረውን ጨዋታ ሳቁ ወደ እሱ ሲዞር በሕግ መግታቱ፣ ቧልታይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከማንም ሐያሲ በላይ ይመሰክራል።