«ለፋ» እና «ፋቀ»፦ ስለ ቆዳ ሥራ ቃላት ታሪክና አመዘጋገብ

«ለፋ» የሚለው የአማርኛ ግስ በዛሬው የከተማ ሰው አነጋገር ደከመ፣ ጣረ፣ ብዙ ሠራ ማለት ነው። ይኸው ግስ በቆዳ ሥራ ዘንድ ሌላ ፍች አለው፤ ደርቆ የነበረ ቆዳ ታሽቶና ተረግጦ ሲለሰልስ «ለፋ» ይባላል፤ ሠራተኛውም ቆዳውን «አለፋ» ይባልለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ፍቾች ዝምድና መርምሮ ስለ ቆዳ ሥራ ቃላት አመዘጋገብ አንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከሰሜን ወሎ፣ ይኸውም ከወልድያ ዙሪያና ከእርሷ በስተደቡብ ካለው ከሀብሩ ወረዳ፣ በተለይም ከወረዳው ዋና ከተማ ከመርሳ አካባቢ የገበሬ ኑሮ ነው።

በዚህ አገር ቆዳ ያልገባበት የኑሮ ክፍል አልነበረም። ገበሬው ቀንበሩንና ሞፈሩን የሚያያይዘው በምራን ነው፤ እህሉን ይይዝ የነበረው በስልቻና በአቁማዳ፣ ይተኛ የነበረውም በጠፍር አልጋ ወይም በቁርበት ላይ ነው። ክርስቲያኑ ለከበሮው፣ ለብራናውና ለመጽሐፉ ማኅደር፣ ሙስሊሙም ለመስገጃው ቆዳ ያስፈልገው ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቆዳ አይሹም። ጠፍር የሚፈለገው በእርጥቡ ተወጥሮ ሲደርቅ እንዲጠብቅ ስለ ሆነ አይለፋም። ብራናም ይፋቃል፣ ይወጠራል እንጂ አይለፋም። ስልቻ ግን ካልለፋ አፉ አይታሰርም፤ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። እንግዲህ «የለፋ ቆዳ» እና «ያልለፋ ቆዳ» የሚለው ልዩነት ባለ እጁ ገና ከመጀመሪያው የሚወስነው ጉዳይ ነው፤ የዕቃው አገልግሎት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና።

የሥራው ቅደም ተከተል በግሶቹ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ቆዳው ከእንስሳው ይገፈፋል፤ ይዘፈዘፋል፤ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ ከዚያ በኋላ ቅባት እየጠጣ ይታሻል፣ ይረገጣል፣ ይጠመዘዛል። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ለዚህ ሥራ የእንቧይና የጉሎ ፍሬ፣ የቀንጠፋ ቅጠልና ቅቤ ያገለግሉ ነበር። የነገሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ቆዳ የቀጫጭን ጭረቶች ድር ነው፤ ውኃው ሲተን ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይደርቃሉ። እሽታው ያላቅቃቸዋል፤ ቅባቱም በመካከላቸው ገብቶ ዳግመኛ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ቅባት ብቻውን ወይም እሽታ ብቻውን ዘላቂ ልስላሴ አይሰጥም። ስለዚህ «ለሰለሰ» እና «ለፋ» ተመሳሳይ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። ሐር በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ የለፋ ነው ግን አይባልም። «ለፋ» የሚባለው በጉልበት የለሰለሰ ነገር ብቻ ነው።

የቃሉ ዝምድና የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «ልፋት» ድካም ነው፤ «ልፊያ» እና «ተላፋ» ደግሞ ልጆች እርስ በርሳቸው እየተሻሹና እየተጣጣሉ የሚጫወቱት ነው። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው የእሽታ ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ የቃላት ፍች ከሚጨበጠው ወደማይጨበጠው የሚሄድ በመሆኑ፣ የቆዳው ፍች የድካሙን ፍች ቀድሟል ብሎ መገመት ከሥርዓት የወጣ አይሆንም። ሰው ሲለፋ ራሱን እንደ ቆዳ ያሻል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አማርኛን ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። «ታኒን» የሚለው ቃል በመካከለኛው ዘመን ላቲን የባሉጥ ቅርፊትን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው። እነርሱ ሥራውን በመድኃኒቱ ሰየሙት፤ እኛ በጉልበቱ ሰየምነው። የዛሬው የስያሜ ችግርም ከዚሁ ይነሣል። በ1884 እ.ኤ.አ. አውጉስተስ ሹልትዝ በአሜሪካ የክሮም ዘዴን በፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ፋብሪካዎች ቆዳን እንዳይበሰብስ የሚያደርጉት በዋናነት በክሮም ነው። ይህ ተግባር በአማርኛ «ማልፋት» ሲባል፣ ኋላ በማሽን የሚከናወነው ማለስለስም «ማልፋት» ይባላል። በክሮም የታከመ ቆዳ እንኳ ካልታሸ ደርቆ ሊቀር ይችላልና፣ አንዱ ቃል ሁለት ተግባር መሸከሙ ተማሪውን ያሳስታል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የባለሙያው ስም ነው። «ፋቀ» ክፉ ቃል አይደለም፤ «መፋቂያ» ብለን ጥርሳችንን የምናጸዳበትን እንጨት እንጠራበታለን፤ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የሐዋርያት ሥራ ስምዖንን «ቁርበት ፋቂ» ይለዋል። ነገር ግን «ፋቂ» በአገራችን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ባለ እጁ በቡዳነት ተጠርጥሮ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ተለይቶ የኖረበት ጊዜ ረዥም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም፣ ስድቡ ከሰው አፍ ለመጥፋት ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። ልጅ የአባቱን ስም እንደ ስድብ እየሰማ ካደገ ሙያውን ይሸሻል፤ ሙያው ሲቀር ቃሉም አብሮ ይቀራል። የሁላችንም ጥረት «ልፋት» እየተባለ ሲከበር፣ ቃሉን በእግሩና በእጁ የሠራው ሰው በስድብ መጠራቱ የቋንቋችን ታሪክ አሳዛኝ ገጽ ነው።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለስያሜ ሠራተኞች ሦስት ነጥቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በ«ለፋ» ሥር የቆዳው ፍች ይቅደም፤ የድካሙ ፍች ይከተለው። ሁለተኛ፣ «ማልፋት» በእሽታና በቅባት ለማለስለስ ብቻ ይወሰን፤ ለኬሚካላዊው ተግባር «ታኒን ማጠጣት»፣ «ክሮም ማጠጣት» ይባል። ሦስተኛ፣ «ፋቂ» ስድብ መሆኑ ተመልክቶበት ይመዝገብ፤ ለባለሙያው ግን ከራሱ ከቋንቋው የተገኘው «ቆዳ አልፊ» ዋና ስም ይሁን። በዚህ ዓይነት ልፋቱና ለፊው በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ።