የኮስሞሎጂ ኢሙሌተር

የኮስሞሎጂ ኢሙሌተር የጽንፈ ዓለምን እድገት በሱፐርኮምፒውተር የሚያሰሉ ውድ ሲሙሌሽኖች ምን ውጤት እንደሚሰጡ በማሽን ለርኒንግ ተምሮ፣ ስሌቱ እንደገና ሳይሠራ ውጤቱን በፍጥነት የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

አስፈላጊነቱ

ጽንፈ ዓለምን በላቦራቶሪ መፈተን ስለማይቻል፣ ተመራማሪዎች ጥቁር ቁስን፣ ማለትም ብርሃን የማያመነጨውንና በስበቱ ብቻ የሚታወቀውን ቁስ፣ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ቅንጣቶች ወክለው፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተሳሳቡ የጋላክሲ ክምችቶች የሚፈጠሩበትን ሂደት ደረጃ በደረጃ ያሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነውና በጀርመን ጋርሺንግ የተሠራው «ሚሌኒየም» ሲሙሌሽን ከ10 ቢሊዮን በላይ ቅንጣቶችን ለመከታተል 512 ፕሮሰሰሮችን ለ28 ቀናት ያህል አሠርቷል። ይህ ድካም የሚያስገኘው ግን ለአንድ ዓይነት የቁስ መጠንና የመስፋፋት ፍጥነት የሚሆን አንድ መልስ ብቻ ሲሆን፣ ስሌቱን ከቴሌስኮፕ ምልከታ ጋር ለማመሳከር እጅግ ብዙ አማራጮችን መሞከር ያስፈልጋል።

አሠራሩና እድገቱ

ኢሙሌተር በሚገባ ተመርጠው ከተሠሩ ውስን ሲሙሌሽኖች በመነሻ መለኪያዎችና በውጤት መካከል ያለውን ዝምድና ተምሮ፣ ላልተሰላው አማራጭ መልስ ይሰጣል። በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የተመራው «ኮዮቲ ዩኒቨርስ» እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ 37 የጽንፈ ዓለም ሞዴሎችን ብቻ ተጠቅሞ፣ ቁስ በተለያየ ስፋት ምን ያህል እንደተሰባሰበ የሚገልጸውን ፓወር ስፔክትረም በ1 በመቶ ስሕተት ገደማ መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሲዩ ሂ፣ ሸርሊ ሆ እና ባልደረቦቻቸው የአንጎል ሴሎችን ትስስር መነሻ ባደረገ ኒውራል ኔትወርክ፣ 600 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ወርድ ያለውን የጽንፈ ዓለም ክፍል በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ አስልተዋል፤ ኔትወርኩ የጥቁር ቁስ መጠን ከሠለጠነበት ሲለይ እንኳ ጥሩ ግምት መስጠቱ ሠሪዎቹን ራሳቸውን አስገርሟል።

ወሰኑ

ይህ የሚያስደንቅ ቢሆንም ኢሙሌተር ከተማረበት ክልል በራቀ ቁጥር አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። ከ4,000 በላይ ሲሙሌሽኖችን የያዘው «ካሜልስ» ፕሮጀክት እንዳሳየው፣ በአንድ የጋላክሲ አፈጣጠር ሞዴል የሠለጠነ ኔትወርክ በሌላ ሞዴል ሲፈተን ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱን ከእውነተኛ ሲሙሌሽን ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባሉ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚታወቀው የኢትዮጵያ የሥነ ፈለክ ጥናት በዚህ ዘዴ ወደ ኮስሞሎጂ ስሌትም ሊሰፋ ይችላል። ከ35 ሚሊዮን በላይ የፕሮሰሰር ሰዓት የፈጁት የ«ኪሆቴ» ፕሮጀክት የመጀመሪያዎቹ 44,100 ሲሙሌሽኖች ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ክፍት ናቸው፤ ሙሉ መረጃው እጅግ ግዙፍ ቢሆንም፣ ተጨምቀው የቀረቡት ውጤቶች አነስተኛ ኢሙሌተር ለማሠልጠን ይበቃሉ። የሠለጠነ ኢሙሌተር በተራ ላፕቶፕ ስለሚሠራ፣ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የፊዚክስ ተማሪ የጥቁር ቁስን መጠን ለውጦ የጽንፈ ዓለም መዋቅር እንዴት እንደሚለወጥ ወዲያው ማየት ይችላል፤ ከባዱ ስሌት አንዴ በሌላ ስፍራ ስለተሠራ፣ ለእርሱ የሚቀረው ዋና ሥራ ተገቢውን ጥያቄ ማንሳትና የመልሱን ትክክለኛነት መመርመር ነው።