ሽቦው ቀድሞ፣ ፊደሉ ዘግይቶ

የኢንተርኔት ታሪካችን ሲወራ ሁልጊዜ የሚጀመረው ከጥር 1989 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ለሕዝብ የከፈተው በዚያ ወር ነውና አጀማመሩ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትረካ ግን የቁጥር ትረካ ነው፤ ይህን ያህል መስመር፣ ይህን ያህል ደንበኛ፣ ይህን ያህል ፍጥነት። መሐንዲስ ታሪክ ሲጽፍ እንዲህ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ብዙ ዘመኔን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከመስመሩ ይልቅ በመስመሩ ላይ የሚሄደው ጽሑፍ ነው የሚያሳስበኝ። እናም አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል፤ ሽቦው ወደ ቤታችን ሲገባ ፊደላችን ደጅ ቀርቶ ነበር።

ከ1989 በፊትም ቢሆን ነገሩ ባዶ አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ በሚባለው ክፍል በኩል ኢሜል ይመላለስ ነበር። አሠራሩ የፖስታ ከረጢትን ይመስላል። መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና ኮምፒዩተሩ በስልክ ውጭ አገር ደውሎ ያለውን ያራግፋል፤ የመጣለትን ይጭናል፤ ከዚያ ስልኩን ይዘጋል። ፊዶኔት ይሉታል። ቀጥሎ በ1987 ዓ.ም. ገደማ ባይት የሚባል የባለሙያዎችና የተቆርቋሪዎች ስብስብ ተቋቁሞ ኢንተርኔት ወደ አገራችን ይግባ እያለ መወትወት ጀመረ። ከዚያ ጥር 1989 መጣ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በስልክ ሽቦ ነው። ኢንተርኔት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ስልክ ሊኖረው ይገባል። ስልክ ደግሞ ያኔ ዓመታት የሚያስቆጥር ወረፋ ነበረው። በእኛ ሠፈር፣ በኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ስልክ ያለው ቤት የራሱ ብቻ አልነበረም። እሑድ እሑድ ከጂዳና ከቤይሩት የሚደወለው ለጎረቤት ነው። «የእከሌን እናት ጥሩልኝ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እደውላለሁ» ይባላል፤ ልጅ ይሮጣል፤ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ይመጣሉ። የተከራየሁት ቤት ስልክ የገባለት ስለነበር እኔም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበርኩ። በ1993 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለማስገባት ስነሣ ይህንኑ የሠፈር ስልክ ነው ከኮምፒዩተር ጋር የዳርኩት።

ኮምፒዩተሯ 486 ከሚባሉት ወገን ናት። ሜሞሪዋ 8 ሜጋባይት ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት አርጅታለች ብሎ ያስወገዳት ነበረች። ሲዲ ማንበቢያ የላትም። ስለዚህ ዊንዶውስ 95ን በ13 ፍሎፒ ዲስክ ነው የጫንኩባት፤ «የሚቀጥለውን ዲስክ አስገባ» እያለች አመሸች። ሞደሙ ለብቻው የሚቀመጥ፣ መካከለኛ መጽሐፍ የሚያህል ሳጥን ነው። አንዱ ገመዱ ወደ መብራት፣ አንዱ ወደ ስልኩ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ ኮምፒዩተሯ ጀርባ ይሄዳል። ከጀርባዋ ኮም አንድና ኮም ሁለት የሚባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱን ማውዙ ይዞታል፤ ሞደሙ የቀረውን ይወስዳል። ይህ ቀላሉ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሯን የኢንተርኔትን ቋንቋ ማስተማር አለ። ቲሲፒ አይፒ የሚባለው መግባቢያ ዊንዶውስ 95 ላይ ብቻውን አይመጣም፤ ፈልጎ መጨመር ያስፈልጋል። እሱን ስትጨምር እንደገና ዲስክ ትጠይቃለች። ከዚያ የሚደወለው ቁጥር ይሞላል፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ መስመሩ በድምፅ ነው ወይስ እንደ ድሮው ቁጥር በሚሽከረከርበት ስልክ በምት የሚደውለው የሚለው ይመረጣል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ «ደውል» ይባላል።

ያን ድምፅ የሰማ አይረሳውም። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ቱር ቱር ይላሉ። ከወዲያ ማዶ ቀጭን ፉጨት ይመልሳል። ከዚያ ጩኸት፣ ፍጭጭታ፣ ጉርምርምታ። የአከራዬ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ዕለት አማተቡ። እኔም የምኒልክ ዘመን ነገር ትዝ አለኝ፤ ስልክ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ሲገባ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ ይባላል። እመይቴን ለማረጋጋት «አይዞዎት፣ ሁለት ኮምፒዩተሮች ሰላምታ እየተለዋወጡ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሞደም ቁጥርን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ማዶ ያለው ድምፁን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። ያ ጩኸት ሁለቱ በምን ፍጥነት እንነጋገር ብለው የሚደራደሩበት ነው። በእኛ መስመር፣ በተለይ ዝናብ ከዘነበ፣ በሴኮንድ 28 ሺህ ቢት ካገኘን እልል ነው። ደብዳቤ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ እደውላለሁ፤ ልኬና ተቀብዬ ቶሎ እዘጋለሁ፤ ምክንያቱም እኔ እስካለሁበት ድረስ ከቤይሩት የሚደውል ሰው መስመሩ ተይዟል ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የምኒልክ ስልክ ሰይጣን ነው ተባለም አልተባለም፣ በመጀመሪያው ቀን አማርኛ ተናግሯል። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ሽቦ ለተናጋሪው ቋንቋ ግድ አልነበረውም፤ ድምፅ ነው የሚወስደው፤ ድምፅ ደግሞ ፊደል አይጠይቅም። በዚያው የሽቦ ዘር ላይ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ሞደም ግን ቁጥር ነው የሚያስተላልፈው፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የተወሰነው ደግሞ ሌላ አገር ነው። መሠረቱ አስኪ የሚባለው ሠንጠረዥ ሲሆን 128 ቦታ አለው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ሲገቡበት ሞላ። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። የት ይግባ?

ከእኛ አጥር ሦስተኛ ቤት ያሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው አሜሪካ ነው። በፊት በፖስታ ይጽፍ ነበር፤ ኢሜል አገሩ ሲገባ በእኔ አድራሻ መላክ ጀመረ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በወረቀት አትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አዩት። ገልብጠው አዩት።

«ፈረንጅኛ ነው እንዴ መምህር?»

«አይደለም እማማ፤ አማርኛ ነው።»

«አማርኛ ከሆነ እኔ ለምን አላነበውም?»

መልስ አልነበረኝም። እኚህ ሴት ማንበብ የቻሉት በትልቅነታቸው ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌ ሄደው፣ ሕፃን አዝለው፣ ከ«ሀ» ጀምረው ተምረዋል። የምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ገብቶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለ ዘመቻው ፖለቲካ የፈለግነውን እንበል፤ ኢትዮጵያ በዓመቱ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችበት ሥራ ነው፤ ለእኚህ እናት ደግሞ የልጃቸውን ደብዳቤ በራሳቸው ዓይን የማንበብ መብት ነበር። ሃያ ዓመት ያነበቡበት ዓይን በአንድ ሞደም ጩኸት መሃይም ሆነ። ልጁ የጻፈው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የላቲን ነው። ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

እኔ ማንበቡን አነባለሁ፤ ግን እሱም ቢሆን ቀላል መስሏችሁ? በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጠና ተ አንድ ይሆናሉ፤ ቀና ከም እንዲሁ። «ጠራ» እና «ተራ» አይለዩም። «ቀዳ» የሚለው «ከዳ» ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው «ቀበርን» እና «ከበርን» ነው፤ በላቲን አንድ ናቸው። ለእናት የሚነበብ ደብዳቤ ላይ ቆሞ ቀብር ነው ክብር ነው ብሎ ማመንታት ምን እንደሚመስል አስቡት። ሰዎች ይህንን ለመፍታት አልሰነፉም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች ሳይምታታ የሚጽፉበት ሥርዓት አውጥተዋል፤ ትልቁን ቲ ለጠ፣ ትንሹን ለተ፣ እያለ የሚሄድ። ስሙ በምሕጻር «ሴራ» ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ትንሽ ያስጠረጥራል። ብልህ ሥራ ነበር፤ ግን የሚያውቀው ኮምፒዩተር አዋቂው ነው። መኪና አጣቢው፣ ሞግዚቷ፣ ታክሲ ነጂው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው።

ከሁለተኛው ደብዳቤ ጀምሮ ማተሙን ተውኩ። ስክሪፕቶ ይዤ ከስክሪኑ ወደ ፊደል እገለብጥላቸው ጀመር። ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዱና ብቻቸውን ያነቡታል። መልሱን በራሳቸው እጅ ጽፈው ያመጡልኛል፤ እኔ በላቲን እመታዋለሁ። ሠፈሩ ሰማ። ሌሎችም መጡ። አስተማሪነቴ ቀርቶ የድሮ ጸሐፊ ሆኜ ቁጭ አልኩ፤ ፖስታ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ እንደሚጽፉት ሰዎች።

ታዲያ ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ደብዳቤዎቹ እየሳሱ ሄዱ። በፖስታው ዘመን ልጁ ሦስት ገጽ ነበር የሚጽፈው፤ እናቱ አሳይተውኛል። የታመመውን፣ የተባረረበትን ሥራ፣ የናፈቀውን ሽሮ ሁሉ ይዘረዝራል። በኢሜሉ ግን «ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሆነ። እሳቸውም ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ተጣሉት ዘመድ መጻፍ ተዉ። የሽቦው ፍጥነት አይደለም ምክንያቱ። 2 ሺህ ፊደል ያለው ደብዳቤ በዚያ በደከመ መስመር እንኳ ከአንድ ሴኮንድ በታች ይሄዳል። ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ ማለትም መካከል ላይ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው መኖሩ። እናትና ልጅ በጎረቤት ዓይን ፊት አይጫወቱም። ፊደል ማጣት ማለት ማንበብ አለመቻል ብቻ አይደለም፤ ምሥጢር ማጣትም ነው።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ማዕበል መጣ። አሜሪካ የዲቪ ሎተሪን ማመልከቻ በፖስታ መቀበል ትታ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ አደረገችው። ጊዜው ከጥቅምት 21 እስከ ታኅሣሥ 20 ነበር። ፎቶው ከ62,500 ባይት መብለጥ የለበትም። ከአጠና ተራ እስከ ዊንጌት ያለው ወጣት ሁሉ ኢንተርኔት ያለው ቤት እያለ ጠየቀ፤ የእኔም በር አላረፈም። እዚያም ያገኘን ያው የፊደል ጣጣ ነው። ስምህ በላቲን እንዴት ይጻፋል ስትለው አንዱ ልጅ ሦስት ወረቀት ያወጣል፤ የትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት፣ የቀበሌው ሌላ ዓይነት፣ ራሱ የሚጽፈው ሦስተኛ። ዕድሜውን ሙሉ በፊደል አንድ ሰው የነበረው በላቲን ሦስት ሰው ሆነ።

ፊደሉ እስከዚያ ድረስ ተኝቶ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ከደከሙበት ዘመን ጀምሮ ይህ ትግል አልተቋረጠም። በኮምፒዩተር ዘመን ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት መጽሐፋችንንና ጋዜጣችንን አሳትመውልናል። ችግራቸው በመንገድ ላይ ነበር፤ ላኪው የጻፈበት ፎንት ተቀባዩ ዘንድ ከሌለ የሚደርሰው የምልክት ዝርክርክ ነው። ቁልፉ የተከፈተው በ1992 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን አካትቶ ወጣ። እያንዳንዱ ፊደላችን በዓለም ሁሉ የታወቀ የራሱ ቁጥር አገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥር ማግኘትና ቤት መግባት ይለያያል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያውን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከጥር 1989 ብንቆጥር አሥር ዓመት። የእኔ 486 ይህን ሳታይ ነው ያለፈችው።

አሥር ዓመት ለመሐንዲስ አጭር ነው። ለሰባ ዓመት እናት ግን ረጅም ነው። እኚያ ጎረቤቴ የልጃቸውን ጽሑፍ በስልክ ስክሪን ላይ በፊደል ሳያዩ አርፈዋል። ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ለለቅሶ መጥቶ ሣጥናቸውን ሲከፍት በእኔ እጅ ጽሕፈት የተጻፉ የራሱን ደብዳቤዎች አገኘ፤ ከፖስታዎቹ ጋር በአንድ ክር ታስረው።

ዛሬ ዳያል አፕ የሚባለውን የሚያውቅ ወጣት የለም። ያ ኮርፖሬሽንም በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል። ሽቦው ቀርቶ ኢንተርኔት በአየር መጥቷል፤ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ፊደል ያውቃል። ግን ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ለእናቱ በቴሌግራም ሲጽፍ በጎን አየዋለሁ፤ አሁንም በላቲን ነው። ያ ልጅ አሜሪካ የነበረው ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው። ይኼኛው ግን አለው፤ ኪቦርዱ ላይ ቋንቋ የምትቀይረው ቁልፍ ከጣቱ ሥር ናት። ይፈጥንልኛል ይላል። ለእሱ ይፈጥን ይሆናል። እናቱ ግን መልእክቱን ይዘው የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ወደ ጎረቤት ይወጣሉ፤ ጎረቤትም ያነባል፤ ልጅም «ደህና ነኝ» ብቻ ብሎ መጻፍ ይለምዳል። ልጄ ሆይ፣ እባክህ ያቺን ቁልፍ ተጫን።