የፍሳሽ ቱቦ ያሳደገው ጥበብ

ስቶንዌር ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት የሚተኮስ ሸክላ ነው። ጭቃው እስከ ውስጡ ስለሚበስል ውኃ አያሰርግም፤ ሲያንኳኩትም ያቃጭላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ በአብዛኛው ከቢራ ማንቆርቆሪያ፣ ከቀለም ጠርሙስና ከኮምጣጤ ገንቦ ያለፈ ክብር አልነበረውም። የባለጸጋው ጠረጴዛ ለፖርሴሊን የተተወ ነበር።

ይህ ተራ ዕቃ ጌጥ ለመሆን ከበቃባቸው ቦታዎች ዋነኛው በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ያለው የላምቤዝ ሰፈር ነው። ጆን ዶልተን እ.ኤ.አ. በ1815 ያጠራቀማትን 100 ፓውንድ ይዞ በዚያው ሰፈር በአንዲት መበለት የሸክላ ማምረቻ ሸሪክ ሆነ። ኮሌራ ከተሞችን ከፈጀ በኋላ፣ የጤና ተቆርቋሪዎች ከጡብ ቦይ ይልቅ ቆሻሻ የማይዝ ልሙጥ ቱቦ እንዲቀበር መወትወት ጀመሩ። የጆን ልጅ ሄንሪም በ1846 የፍሳሽ ቱቦ ፋብሪካ ከፈተ። ኋላ ለጥበቡ የተረፈው ገንዘብ ከዚህ ቱቦ የመጣ ነው።

ሄንሪን ወደ ጌጥ ሥራ የገፋፋው የላምቤዝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጆን ስፓርክስ ነበር። ሄንሪ መጀመሪያ አመነታ፤ በመጨረሻ ግን የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ቀጠረ። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የጋሪ መንኮራኩር ሠሪ ልጅ የነበረው ጆርጅ ቲንዎርዝ ነው። በ1871 ደግሞ ሐና ባርሎ ገባች። ሐና ገና ባልደረቀው ማሰሮ ላይ በሹል መሣሪያ ፈረስ፣ ፍየል፣ አጋዘን ትጭራለች፤ ጭረቱ ውስጥ ቀለም ይገባና ሥዕሉ ጎልቶ ይወጣል። እርጥብ ጭቃ ላይ የተሳሳተ መስመር አይደበቅም፤ የእሷ ፈረሶች ግን እጅ ያልተንቀጠቀጠባቸው ናቸው። ከዕቃው ሥር የስሟን ምልክት ትቀርጻለች። ፋብሪካ ቀጥሮ ያሠራት ሴት በስሟ መታወቋ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

የስቶንዌሩ አንጸባራቂ ልባጥ የሚገኘው ከወጥ ቤት ጨው ነው። እቶኑ በጣም ሲግል ጨው ይጣልበታል፤ ወዲያው ይተንና ሶዲየሙ ከጭቃው ሲሊካ ጋር ተዋሕዶ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ስስ መስታወት ይሆናል። ይህን እሳት የሚችል ቀለም ጥቂት ነው፦ የኮባልት ሰማያዊ፣ የማንጋኒዝ ወይን ጠጅ፣ የብረት ቡኒ። የላምቤዝ ዕቃ ድባቡ ጭምት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከጨው የሚወጣው አሲድ ያዘለ ጭስ ግን በሰፈሩ ላይ ይናኝ ነበር፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ መኖሪያም እዚያው ጎረቤት ነው።

ስቶንዌርን ጌጥ ያደረገው ግን ዶልተን ብቻ አልነበረም። በዚያው በእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎቹ የማርቲን ወንድማማቾች በ1873 በራሳቸው ጀምረው በ1877 ወደ ሳውዝሆል ተዛወሩ። ጭንቅላቱ ተነቅሎ እንደ ክዳን የሚነሣ፣ በሰው ላይ የሚያሾፍ የሚመስል የወፍ ማሰሮ ይሠሩ ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ ቀራጺው ዣን ካሪዬስ የጃፓን ሸክላ ማርኮት፣ በ1894 በ39 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ጨው በሌለበት፣ ደብዘዝ ባለ ልባጥ ደከመ።

ሄንሪ ዶልተን በ1887 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። የላምቤዝ ፋብሪካ የተዘጋው በ1956 ነው፤ አዲሱ የአየር ብክለት ሕግ በከተማ መካከል የጨው ጭስ የሚለቅ እቶን የሚታገሥ አልነበረም።