ያለ ግብግብ መሥራት፦ ከብልት አውጪው ቢላ እስከ ሳሙራዩ ሰይፍ

የቻይናውያን «ዉ ዌይ» ሲነሣ ብዙዎቻችን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለናል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «አለማድረግ» ማለት ስለሆነ ስሕተቱ አያስደንቅም። ሆኖም ጥንታውያኑ የታኦይዝም ጽሑፎች የሚያስተምሩት ስንፍናን ሳይሆን ከነገሩ ባሕርይ ጋር ሳይታገሉ መሥራትን ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በኖረው በዧንግዚ ስም በሚጠራው መጽሐፍ፣ ዲንግ የተባለ ወጥ ሠሪ በመስፍን ፊት የበሬ ብልት ሲያወጣ እናያለን። ተራው ሠራተኛ አጥንት ስለሚመታ ቢላውን በየወሩ ይለውጣል። የዲንግ ቢላ ግን በመገጣጠሚያዎች መካከል ባለው ክፍተት ስለሚያልፍ 19 ዓመት ሠርቶም አልዶለዶመም። ልብ እንበል፤ ዲንግ እዚህ የደረሰው ከዓመታት ልምምድ በኋላ ነው። አስቸጋሪ ቦታ ሲያጋጥመውም ይጠነቀቃል፤ እጁንም ያዘገያል።

ቡድሂዝም ወደ ቻይና ከገባ በኋላ ይህ አስተሳሰብ ቻን በተባለው፣ ጃፓናውያን ዜን በሚሉት ትምህርት ውስጥ አዲስ መልክ ያዘ። መምህሩ ማዙ ዳኦዪ (እ.ኤ.አ. 709–788) መንገዱ የሚገኘው በተራው የዕለት ተዕለት ልቡና ነው ሲል አስተማረ። በጃፓን ደግሞ መነኩሴው ታኩዋን (እ.ኤ.አ. 1573–1645) ለሰይፍ መምህሩ ለያግዩ ሙኔኖሪ መልእክት ጻፈ። ልቡና በባላጋራ ሰይፍ ወይም በራስ ላይ ተተክሎ ከቀረ ሰውየው ይሸነፋል፤ የትም ሳይቆም ከፈሰሰ ግን እጅ በራሱ ይሠራል አለ።

እዚህ ላይ መጠየቅ ይገባናል። የዲንግ ቢላ ሥጋ ያዘጋጃል፤ የሳሙራዩ ሰይፍ ሰው ይገድላል። ያለ ግብግብ መሥራት ሁለቱንም እኩል ያገለግላል። ታኩዋን በዚያው መልእክት ሙኔኖሪን ስለ ምግባሩ መምከሩ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ልቡናን የሚያቀልለው ልምምድ ብቻውን እጁ ማንን እንደሚያገለግል አይናገርም።

ጥያቄው ወደ እኛም ይመለሳል። ሳይዘጋጁ መድረክ ላይ ወጥቶ «መንፈስ ያናግረኛል» ማለትን እንደ እምነት የምንቆጥር አለን፤ የዲንግ 19 ዓመት ይህን ይገሥጻል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ከሁሉ ይልቅ መድከሙን አይክድም፤ ነገር ግን ክብሩን ከእርሱ ጋር ለሠራው ጸጋ ይሰጣል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው፤ በእኛ የሚሠራው ስም የለሽ ፍሰት ሳይሆን ፈቃዱን በክርስቶስ የገለጠ አምላክ ነው። ስለዚህ አገልግሎታችን ቀለለን ስንል ገላትያ 5፥22 የሚያስቀድመውን ፍሬ፣ ፍቅርን፣ አፍርቶ እንደሆነ እንመርምር።