ቴምብሩና የመንገዱ ዋጋ

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብር ደብዳቤን ብቻውን ከአገር ማውጣት የማይችል ቴምብር ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም ያዘዙት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነው። ቴምብሮቹ የታተሙት ፓሪስ ሲሆን የቀረጻቸውም ፈረንሳዊው ኤዤን ሙሾን ነው። ሰባት ነበሩ፤ ትንሹ የሩብ ግርሽ፣ ትልቁ የ16 ግርሽ። አሥራ ስድስት ግርሽ በዚያን ጊዜ አንድ ሙሉ ጠገራ ብር ነውና ለወረቀት ቁራጭ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በአራቱ ትንንሾች ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ትላልቆች ላይ አንበሳ ይታያል።

ችግሩ ያለው ከድንበር ማዶ ነው። አገሪቱ ገና የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል አልነበረችም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የምኒልክን ቴምብር ለጥፎ እስከ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ባሕር ለመሻገር የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ላኪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ይህ የቀረው ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ማኅበሩን ስትቀላቀል ነው። ዛሬ ሁለት ቴምብር የተለጠፈበት የዚያን ዘመን ፖስታ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ሆኗል፤ የላኪው ኪሳራ ለሰብሳቢው ትርፍ ሆነ።

ለነገሩ ቴምብሩ ገና ከጅምሩ ከደብዳቤ ጸሐፊ ይልቅ ሰብሳቢን ያማልል ነበር። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ ፓሪስ ላይ ግን አዲስ አገር፣ አዲስ ፊደል፣ አዲስ አንበሳ በአልበሙ ሊያሰፍር የሚጓጓ ብዙ ሰው ነበር። በ1890ዎቹ በነዚያው ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚልና ሌላም ጽሑፍ እየታተመ ሲወጣ፣ ሰብሳቢው ያንኑ ቴምብር እንደ አዲስ ደግሞ ገዛው። ይህን እንደ ነውር የሚያዩ አሉ። እኔ አላይም። የአገር ስም በትንሽ ወረቀት ዓለምን ሲዞር፣ ገንዘቡን የከፈለው ባዕድ ቢሆን ምን ይጎዳል?

የጎዳው ሌላ ነገር ነው። የአገር ቤት ልጅ ቴምብር ገዝቶ አያውቅም፤ የሚያገኘው በነጻ ነበር። ደብዳቤያችን በር አንኳኩቶ አይመጣም፤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሚደርሰን። የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ አባት ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ የመጣውን ፖስታ ልጅ ጠርዙን ቆርጦ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ቴምብሩን አላቆ፣ በደብተር መሐል ያደርቃል። ድርብ ካለው ትምህርት ቤት ወስዶ ይለዋወጣል። አዲስ ሰብሳቢ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነበር። ደብዳቤው ሲቀር ነክሮ የሚያላቅቀውም አብሮ ቀረ። የተረፉት ሰብሳቢዎች አረጁ፤ የኢትዮጵያን ቴምብር የሚያጠናው ማኅበርም መቀመጫው አሜሪካ ነው፤ መጽሔቱን «የምኒልክ ጆርናል» ብሎ ሰይሞታል።

እዚያ ላለ ሰብሳቢ ከዚህ ትንሽ ጥቅል ቴምብር ለመላክ ሪኮማንዴው ብቻ ብዙ ጊዜ ከቴምብሮቹ ዋጋ ይበልጣል። ሳይበላሽ እንዲደርስ በካርቶን ታጥፎ፣ ተመዝግቦ መሄድ አለበትና። ቴምብርን የሚያክል ቀላል ነገር በመላኪያ ዋጋ ሲሸነፍ ማየት ያሳዝናል፤ እሱ ራሱ የመላኪያ ዋጋ ሆኖ ሳለ።

ጉለሌ ይህን ችግር በራሱ ዘዴ ፈትቶታል። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ሠርተው ከሚሸጡት ጥበብ ብዙው ባሕር ማዶ ይለበሳል፤ ግን ስንቱ ነው በፖስታ የሚሄደው? «ሰው ሲሄድ» ተብሎ በመንገደኛ ሻንጣ ይላካል። ወጣት ገዥም አላጣም። ሠርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ፤ ልጅቷ ልብሱን የምትለብስበት ቀን አላት። ቴምብር ግን የሚለጠፍበት ቀን ጠፋበት።

ስለዚህ በቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ወጣት መጠበቅ ከንቱ ይመስለኛል። ሽሮ ሜዳ የበዓል ሰሞን ሕዝብ ሲጎርፍ፣ ባለ አበባውና ባለ አውሬው ቴምብር በትንሽ ከረጢት ተደርጎ በሻይ ዋጋ ይሸጥ። የሸማ ስጦታ ላይ ተሰክቶ በዚያው ሻንጣ ዋሽንግተን ይግባ። ያገለገለውም ከነማኅተሙ ይቅረብ፤ ልጅ የሚወደው እሱን ነው፤ አላስለቅቅ ቢል እንኳ ውሃው ለብ ይበል እንጂ አይፍላ፤ ቀለሙ ይለቃል።