የማስወገድ አመጋገብ

የማስወገድ አመጋገብ ለአንድ ሰው የማይስማማውን ምግብ ለመለየት፣ የተጠረጠሩ ምግቦችን ለተወሰኑ ሳምንታት ከማዕድ አስቀርቶ ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ የመሞከር ዘዴ ነው። ዓላማው ክብደት መቀነስ አይደለም። ብዙ ምግብ እንዲቀርም አይፈለግም፤ የሚፈለገው ሰውየው ያለ ችግር ሊበላው የሚችለው ነገር እንዲሰፋ ነው። ብዙ ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይሠራሉ። ወተት ወይም ስንዴ ትተው ሲሻላቸው ለዓመታት እንደተዉ ይቀራሉ፤ ያሻላቸው ነገር በእርግጥ የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የአለመስማማት ዓይነቶች

በአማርኛ «ይህ ምግብ አይስማማኝም» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸውን ማወቅ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ዘዴው ለአንዱ የሚጠቅም ሲሆን ለሌላው አደገኛ ነው።

የምግብ አለርጂ የሰውነት መከላከያ በምግቡ ውስጥ ያለን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥር የሚመጣ ነው። ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና ሰሊጥ ከሚታወቁት መነሻዎች መካከል ናቸው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፦ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከት፣ ሲብስም የትንፋሽ ማጠርና የደም ግፊት መውረድ። ይህ የመጨረሻው አናፊላክሲስ ይባላል፤ ወዲያውኑ አድሬናሊን ካልተሰጠ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አለርጂ የተጠረጠረበትን ምግብ ቤት ውስጥ መልሶ መሞከር አይገባም፤ ሙከራው የሚደረገው ሐኪም ባለበትና አድሬናሊን በተዘጋጀበት ቦታ ነው።

ሴሊያክ በሽታ በስንዴ፣ በገብስና በዘመዶቻቸው ውስጥ ባለው ግሉተን የተነሳ የሰውነት መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። እዚህ ደግሞ ጥንቃቄው ተቃራኒ ነው፦ ምርመራው ሳይደረግ ስንዴ መተው አይመከርም። የደም ምርመራው የሚፈልጋቸው ፀረ እንግዳ አካላት ግሉተን ሲቀር ስለሚቀንሱ፣ አንጀቱም ስለሚያገግም፣ በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።

ሦስተኛው፣ በአብዛኛው የማስወገድ አመጋገብ የሚሠራበት፣ የምግብ አለመቻል ነው። ሕይወትን ለአደጋ አይጥልም፤ ሆድ መንፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ግን ያመጣል። መጠንም እዚህ ላይ ይወስናል። የላክቶስ አለመቻል ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ በብዙ የዓለም ሕዝብ ከልጅነት በኋላ ይህ ኢንዛይም ይቀንሳል። ሆኖም አብዛኞቹ እስከ 12 ግራም የሚደርስ ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ በአንድ ጊዜ ቢወስዱ ብዙም አይታመሙም። እርጎ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን ስለሚጠቀሙት ይቀላል፤ በንጥር ቅቤ ውስጥማ ከሞላ ጎደል የለም። «ወተት አይስማማኝም» የሚል ሰው ቅቤም መተው የለበትም ማለት ነው።

ታሪክ

ዘዴውን በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የአለርጂ ሐኪም አልበርት ሮው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለሕመምተኞቹ የሚወገዱ ምግቦችን ዝርዝር ያዘጋጅ ነበር። የማይረሳው ማስረጃ ግን የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ዊለም ዲክ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች የሚታመሙት በስንዴ እንደሆነ ቀድሞም ይጠረጥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944–45 የረሃብ ክረምት፣ ዳቦ ጠፋ፤ አገሩ ሁሉ ሲራብ እነዚህ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ማንም ያላቀደው የማስወገድና የመመለስ ሙከራ ነበር። ዲክ ግኝቱን በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉ አቀረበ።

በ2005 ደግሞ በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ጊብሰንና ሱ ሼፐርድ የፎድማፕን ጽንሰ ሐሳብ አሳተሙ። ፎድማፕ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጣቸው፣ በትልቁ አንጀት ባክቴሪያ ተብላልተው ጋዝ የሚፈጥሩ የስኳር ዓይነቶች የጋራ ስም ነው። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በስንዴ፣ በጥራጥሬና በወተት ይገኛሉ።

አፈጻጸም

የማስወገዱ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ምንም ለውጥ ካልታየ የተወገደው ምግብ ጥፋተኛ አይደለም፤ ወደ ማዕድ ይመለሳል። ለውጥ ከታየ አንድ ምግብ ብቻ ይመረጥና በትንሽ መጠን ተጀምሮ ለሦስት ቀን ያህል እየጨመረ ይበላል፤ የተበላውና የተሰማው ይመዘገባል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መመለስ ሙከራውን ያበላሸዋል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ስህተት ሲፈልግ በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ እንደሚቀይረው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ማዕድ ይህ ቀላል አይደለም። አንድ ሽሮ ወጥ ውስጥ አተር ወይም ሽምብራ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አሉ፤ በርበሬው ራሱ የብዙ ቅመም ድብልቅ ነው። «ሽሮ ያመኛል» የሚለው ከዚህ ሁሉ የትኛውን እንደሚያመለክት አይናገርም። ጾምም ሊያሳስት ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ስለሚቀሩ፣ በጾም ሆዱ የሚሻለው ሰው ወተትን ቢጠረጥር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ምስርና ሽሮ ይበዛሉ፣ የመመገቢያ ሰዓትም ይለወጣል። ጾም ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም ለሽያጭ የሚጋገር እንጀራ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ሊደባለቅ ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሊጡ መቡካቱ ግሉተኑን አያጠፋም። ነጭ ሽንኩርት ለማይስማማው ደግሞ አንድ መላ አለ፦ ጋዝ የሚፈጥረው ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ሙሉ ፍሬውን በዘይት አብስሎ፣ ውሃ ከመጨመሩ በፊት ማውጣት ጣዕሙን ያስቀራል።

የሚሸጡ ምርመራዎች

በደም ውስጥ አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለክተው ረጅም የ«አይስማማህም» ዝርዝር የሚሰጡ ምርመራዎች በብዙ አገር ይሸጣሉ። የአውሮፓ የአለርጂና የክሊኒካል ኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲህ ያለ ምርመራ ለምግብ አለመስማማት እንዳይውል አሳስቧል፤ አካሉ የሚያሳየው ሰውየው ያንን ምግብ መብላቱን ነው። ዝርዝሩን አምኖ ብዙ ምግብ መተው በተለይ በሕፃናት ላይ የእድገት መጓደል ሊያስከትል ይችላል።

ውጤቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ብዙ ሕፃናትን ሲያድጉ ይለቃቸዋል፤ የኦቾሎኒ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆያል። በፎድማፕ የሚቸገር ሰው ከወራት በኋላ ያልቻለውን ምግብ እንደገና ቢሞክር ሊስማማው ይችላል፤ ሴሊያክ ግን ዕድሜ ልክ ነው።